አስተያየት የለኝም

ሰኔ ሊወጣ ነው። አዘዞ፣ ወፍጮ ቤት፣
ወረቀት ይዤ ቆሜያለሁ ከጆንያው ሰልፍ ፊት።
አርባ ጥያቄ አለኝ፣ ለያንዳንዱ አምስት ሣጥን፤
«በጣም እስማማለሁ» ከላይ፣ ከዚያ እያለ ሲቀጥን
ወርዶ «በፍጹም አልስማማም»፤ መካከሉ ላይ ግን
«አስተያየት የለኝም»፤ ደህና መደበቂያ፣
ዶፍ ሲወርድ እንደሚጠጉት የሰው ቤት መጠለያ።

ሞተሩ ያጓራል። ናፍጣው ይከረፋል።
በቆርቆሮው ሽንቁር በገባው ጨረር ላይ ዱቄት ይንሳፈፋል።

«ቁጥር አንድ!» ብዬ ጮህኩ፣ ሞተሩን ልረታ፣
«የአየር ንብረት ለውጥ መኖሩን ያምናሉ፣ የኔ ጌታ?»
አቶ ዘርጋው፣ ከደንቢያ ጤፍ ጭኖ የመጣው፣
ስልቻው ላይ እንደተቀመጠ ሳቅ መጣው።
«ማመንስ ለታቦት ነው፤ ይሄን በዓይኔ አየሁት፤
አምና በሽምብራ ወር ነው ጤፉን የዘራሁት።
በኅዳር ዘነበ፤ ክምሩ በቀለ፤
በሬዬን ሸጥኩታ! ሌላስ ምን ነገር አለ?
ለዚህ የሚሆን ሣጥን ካለህ፣ እስቲ አሳየኝ።»
«በጣም እስማማለሁ» ላይ ራይት አደረግኩ።
ዝም ብሎ አየኝ።

«ቁጥር ሰባት፤ ምክንያቱስ?» ሰልፉ ተነቃነቀ፤
አንዱ «ኃጢአት» አለ፤ አንዱ «ባሕር ዛፍ» ብሎ ሳቀ፤
ሌላው «የፈረንጅ ፋብሪካ ነው፤ እኛ ምን አጥፍተናል?
ያጨሱት እነሱ ናቸው፤ ሳሉ ግን እኛን ይዞናል!»
ጭብጨባ ሊሆን ምንም አልቀረው።
ባንቺአምላክ ናት ያቋረጠችው፣
ከሰል ቸርቻሪዋ፣ እስከ ክርኗ የጠቆረችው።
«ፈረንጁንም ጻፍ፤ እኔንም ከሥሩ አስገባኝ፤
የጭልጋ ግራር ነው ሦስት ልጅ ያሳደገልኝ።
ማን ይክዳል? ደኑ አልቋል።
ግን ሰው ሁሉ በፀሐይ ካበሰለ፣ እኔን ማን ይቀልባል?»
ሃያ ሁለተኛውን አነበብኩላት፦ ታዳሽ ኃይል፣ ሽግግር…
«ቃሉ ረዘመብኝ፤ እኔ አንድ ነገር ልንገር፤
ፀሐይን በማዳበሪያ ከረጢት ስፈሩልኝ፣
በጣሳ በጣሳ እቸረችራለሁ፤ ገበያው አይጠፋኝ።»
ሣጥኑን ፈለግኩት።
አጣሁት።

ከዚያ ሞተሩ ሳለ፤ ሁለቴ ነጠረ፤ ቆመ።
ናፍጣ አለቀ። ጆሮዬ ውስጥ ጩኸቱ ብቻውን ከረመ።
ጓንጉል፣ የወፍጮው ባለቤት፣ ልጁን ከጄሪካን ጋር
ላከው ወደ ማደያው፣ ከባጃጆቹ ሰልፍ ዳር፤
እኔን በእጁ ጠራኝ። ወደ ጓሮ መራኝ።

ስምንት የፀሐይ ሰሌዳ በብረት አልጋ ተኝቷል፤
በላዩ ቀይ በርበሬ ከዳር እስከ ዳር ተሰጥቷል።
«ተበድሬ ነው የገዛሁት። ሁለት ዓመት ፈጨልኝ።
‹በፀሐይ የተፈጨ አይቦካም› እያሉ አሙብኝ፤
ሲቦካ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ኢንቨርተሩ ነደደ።
ባሕር ዳር ደወልኩ፣ አዲስ አበባ፤ ‹እንመጣለን› ያለኝ ሁሉ ካደ።
ፀሐይቱ የትም አልሄደች፤ ያው ታያታለህ፣ ቆማለች፤
የጠፋው ጠጋኝ ነው። በርበሬዋም ደርቃ አለቀች።»

ስንመለስ አቶ ዘርጋው፦ «ጠያቂው፣ አንተስ?» አለ፤
«የትኛው ሣጥን ውስጥ ነህ?» ዓይን ሁሉ እኔ ላይ ዋለ።
የአንገረብ ውኃ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ሲንጠባጠብ፣
በርሜል እየጠበቅኩ ነው ያደግሁ፣ ስለ ሙቀት ሳነብ፤
ግን እስክሪብቶዬ ሳላዘው መሐሉ ላይ አረፈ።
«ግድ የለም» አለች ባንቺአምላክ፣ «ሰው ሁሉ እዚያ ነው የተረፈ።»

ደለዝኩት። ሞተሩ እስኪነሣ ወረቀቱን ገለበጥኩ፤
ሣጥን በሌለበት ጀርባው ላይ ቁጥር አርባ አንድን ጀመርኩ፦
«አዘዞ፣ ጓንጉል ወፍጮ ቤት።
ጠጋኝ ይፈለጋል።»
ከሥሩ ስልኩን ጻፍኩ፤
የዱቄት አሻራዬም አብሮ ቀረበት።